የአንጎል ምስልና ሁለቱ ተመሳሳይ ሕመሞች
(ለአባቶችና ለጤና በጎ ፈቃደኞች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ካንሰር ነው። ርእሱ ሰፊ ስለ ሆነ፣ በምስል ምርመራ ክፍል ዘወትር የሚያከራክረንን አንድ ጉዳይ ብቻ አነሣለሁ።

በ1964 እ.ኤ.አ. ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር የተባሉ ተመራማሪዎች ከዩጋንዳ በተላከ የዕጢ ናሙና ውስጥ አንድ ቫይረስ አገኙ። አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ይህን ቫይረስ ይዞት ይኖራል፤ ጤነኛ ሰውነት አስሮ ያኖረዋል። የመከላከል ዐቅም ሲደክም፣ በተለይም ሲዲፎር ከ50 በታች ሲወርድ፣ እስራቱ ላልቶ በአንጎል ውስጥ ሊምፎማ የተባለውን ካንሰር ሊያስነሣ ይችላል።

ቶክሶፕላዝሞሲስ የተባለው የጥገኛ ተሕዋስ ሕመምም እንዲሁ የደከመ ሰውነት ጠብቆ አንጎልን ያጠቃል። ሁለቱም ራስ ምታት፣ መንፈራገጥና የአንድ ወገን የሰውነት መዛል ያመጣሉ። ማድመቂያ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ሲነሣ፣ ሁለቱም ጠርዙ የደመቀ ቀለበት መስለው ሊታዩ ይችላሉ። በርግጥ መለያ አይጠፋም፤ ቶክሶፕላዝሞሲስ በብዛት በብዙ ቦታ ይበታተናል፤ ሊምፎማ ብዙ ጊዜ አንድ፣ ከ4 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ የአንጎልን የፈሳሽ ጓዳዎች የተጠጋ ነው። ነገር ግን በምስሉ ብቻ የሚፈርድ ሐኪም ደፋር ነው እላለሁ።

ስለዚህ ልማዱ በቀላሉ የሚድነውን አስቀድሞ ማከም ነው። ሕሙሙ የቶክሶፕላዝሞሲስ መድኃኒት ይጀምራል፤ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ምስሉ ይደገማል። ቀለበቱ ካነሰ ሕመሙ ታወቀ፤ ካላነሰ ናሙና ወደ መውሰድ ይታሰባል። በመካከሉ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ እብጠት አብራጅ ከተሰጠ ግን ሊምፎማውም ለጊዜው ይኮማተራልና መሻሻሉ ያታልላል።

እናንተን የሚመለከተው ይህ የ2 ሳምንት ጊዜ ነው። ቤተሰብ «አንጎሉ ውስጥ ዕጢ አለ» የሚለውን ሲሰማ ተስፋ ቆርጦ ሕሙሙን ወደ አገሩ ይመልሰዋል፤ ያ ዕጢ የተባለው በርካሽ መድኃኒት የሚድን ሊሆን ይችላል። ሊምፎማ ቢሆንም እንኳ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ዕድሜ ያረዝማል። ወደ ጸበል የሚሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ሁለቱ እንደማይጣሉ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በይፋ አስተምረዋል። የሁለተኛውን ምስል ቀን በካርዱ ላይ ጻፉለት፤ ሲመለስም የመጀመሪያውን ፊልምና የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ስም ይዞ ይምጣ።