ማያ ቤይ፦ ለሦስት ዓመት ተኩል የተዘጋው ባሕር ዳርቻ

ማያ ቤይ በታይላንድ ፒፒ ሌ ደሴት፣ በገደል የተከበበ ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000፣ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የተወነበት «ዘ ቢች» የተሰኘው ፊልም ከወጣ ወዲህ ጎብኚ ጎረፈበት። በቀን እስከ 5,000 ሰው ይገባበት ነበር።

ጉዳቱ ከምን መጣ? ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት አለው፤ ጥቃቅን እንስሳት ተሰባስበው በብዙ ዓመታት የሚገነቡት ቤት ነው። ጀልባ መልህቁን ሲጥልበት ይሰበራል። ሞተሩ የሚያስነሳው አሸዋ ላዩ ላይ ይተኛና ብርሃን ይከለክለዋል። ዋናተኛው የተቀባው የፀሐይ መከላከያም ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ በአንዳንዱ ቅባት ውስጥ ያለው ኦክሲቤንዞን ደግሞ ገና በማደግ ላይ ያለውን ኮራል ይጎዳል።

ታይላንድ በ2018 አጋማሽ ቦታውን ዘጋች። ለአራት ወር ተብሎ ነበር፤ አልበቃም። እስከ 2022 መግቢያ ድረስ ተዘግቶ ቆየ። በሺዎች የሚቆጠሩ የኮራል ቁራጮች በእጅ ተተከሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የሻርኮቹ ነገር ነው። የክንፋቸው ጫፍ የጠቆረው ሻርኮች፣ ማንም ሳያመጣቸው፣ ሰው ዞር ሲልላቸው ራሳቸው ተመለሱ፤ ዳር ድረስ እየመጡ ጥልቀት በሌለው ውሃ ይዋኛሉ።

ዛሬ ጀልባ የሚቆመው ከደሴቲቱ ጀርባ ነው። ጎብኚው በእንጨት መተላለፊያ ተሻግሮ ይገባል፤ መዋኘት ክልክል ነው። በየዓመቱም በዝናቡ ወራት ለሁለት ወር ያህል ለጎብኚ ይዘጋል።