የአክቲን ክሮችና ማገሮቻቸው
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአበው ብሂል ስለ ኅብረት ኃይል ሲነገር የኖረ ነው። ይሁን እንጂ ድሩ በምን ዓይነት ማሰሪያ፣ በምን ያህል ርቀትና ለምን ያህል ጊዜ መተሳሰር እንደሚገባው ብሂሉ አይገልጽም። ለዚህ ጥያቄ መሐንዲስን የሚያስደንቅ መልስ የሚገኘው በሕያው ሕዋስ ውስጥ ነው።

አክቲን የተባለው ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1942 በሀንጋሪ፣ በሴጌድ ከተማ፣ በብሩኖ ሽትራውብ አማካይነት ከጡንቻ ተለይቶ ታወቀ። የአክቲን ቅንጣቶች ተቀጣጥለው ውፍረቱ 7 ናኖሜትር ያህል የሆነ ክር ይሠራሉ፤ ናኖሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንዲህ የቀጠነ ክር ብቻውን ሲገፋ ይጎብጣል። ስለዚህ ሕዋሱ ክሮቹን ጎን ለጎን አሰልፎ፣ ማገር ቋሚን ከቋሚ እንደሚያያይዝ ሁሉ፣ በሌሎች ፕሮቲኖች ያስተሳስራቸዋል። እነዚህ ማገሮች ሁለት ክሮችን ይጨብጡ ዘንድ ሁለት እጅ ያስፈልጋቸዋል። ፊምብሪን ሁለቱንም እጆች በአንድ ሞለኪውል ላይ ይዟል፤ አልፋ አክቲኒን ግን አንድ እጅ ብቻ ስላለው ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ተጣምረው ባለ ሁለት እጅ ይሆናሉ።

የማገሩ ርዝመት የእስሩን ጠባይ ይወስናል። ፊምብሪን አጭር በመሆኑ ክሮቹን አቀራርቦ ያጠብቃቸዋል፤ በአንጀት ግድግዳ ላይ የተፈጨውን ምግብ የሚመጥጡት ጥቃቅን ጣቶች ቀጥ ብለው የሚቆሙት በዚህ ዓይነት እስር ነው። አልፋ አክቲኒን ግን 35 ናኖሜትር ያህል ስለሚረዝም በክሮቹ መካከል ክፍተት ይተዋል፤ በክፍተቱም ማዮሲን የተባለው ጎታች ፕሮቲን ገብቶ ክሮቹን ይስባል። በመሆኑም አንደኛው እስር ምሰሶ ሲሆን ሁለተኛው የሚኮማተር ገመድ ይሆናል።

በአንድ የአንጀት ጣት ውስጥ ከ20 እስከ 30 ክሮች ይገኛሉ። ሃያ ክሮች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ቢጎብጡ የእስሩ ግትርነት የአንዱ ክር 20 እጥፍ ብቻ ነው፤ ማገሩ መንሸራተትን ፈጽሞ ቢከለክል ግን ወደ 400 እጥፍ ይደርሳል። እስሩ በእነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል የሚይዘው ስፍራ በማገሩ ዓይነትና ብዛት እንደሚወሰን የሙኒክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል።

ማገሩ ሲጓደል ጉዳቱ ከባድ ነው። ኤስፒን የተባለው ፕሮቲን በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉትን ፀጉር መሰል ዘንጎች ያጠነክራል። የኤስፒን ዘረ መል የተበላሸባቸው አይጦች መስማት እንደሚሳናቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ታወቀ፤ በኋላም በሰው ላይ ተመሳሳይ ደዌ ተገኘ። በዚያው ዓመት ደግሞ ተቃራኒው ታየ፤ ይኸውም ከአልፋ አክቲኒን ዓይነቶች አንዱ በዘር ለውጥ ምክንያት አክቲንን ከመጠን በላይ አጥብቆ ሲይዝ የኩላሊት ማጣሪያ መጎዳቱ ነው።

መሐንዲስ በኮንክሪት ምሰሶ ውስጥ ያለው ስታፋ አንድ ጊዜ ከታሰረ በኋላ እንዲፈታ አይሻም። የሕዋስ ማገር ግን ይይዛል፣ ይለቃል፣ እንደገናም ይይዛል፤ ሕዋሱ እንደ ቆመ ራሱን ሊያድስ የሚችለውም በዚህ ነው። ስለዚህ የማሰሪያ ጥሩነት የሚመዘነው በጥብቀቱ ብቻ ሳይሆን በልኩና በጊዜው በመልቀቁም ጭምር ነው።