ከባሕር ማዶ የመጣ ዕዳ በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች
(ለማኅበሩ አባላት የተሰጠ ንግግር)



በ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ አንድ የሐምቡርግ ነጋዴ ለአንድ የለንደን ነጋዴ ዕቃ በዱቤ ሸጦ፣ ቀኑ ሲደርስ ገንዘቡን ቢከለከል፣ ባሕሩን ተሻግሮ ለንደን መግባቱ ከችግሩ ሁሉ ቀላሉ ነበር። ከባዱ ነገር የሚጀምረው ከመርከቡ ከወረደ በኋላ ነው። አቤቱታውን ይዞ የየትኛውን ፍርድ ቤት ደጅ ይጠናል? በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ፍርድ ቤቱ ብዙ፣ የየአንዳንዱም ሥርዐት ለየቅል ነበር፤ አንዱ የተቀበለውን ክስ ሌላው ከእጁ ሊነጥቀው ይችል ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ለዓይን የሚታዩት በዌስትሚንስተር የተቀመጡት የኮመን ሎው ፍርድ ቤቶች፣ ይኸውም ኪንግስ ቤንችና ኮመን ፕሊስ ናቸው። በነዚህ ፍርድ ቤቶች ማኅተም በሌለበት ውል ላይ የተመሠረተ የዕዳ ክስ የቀረበበት ሰው በማስረጃ እንዲከራከር አይገደድም ነበር። ራሱ «ዕዳ የለብኝም» ብሎ ይምላል፤ ዐሥራ አንድ ሰዎችም ከጐኑ ቆመው የእርሱ መሐላ እውነት መሆኑን እናምናለን ብለው ይምላሉ፤ ክሱም በዚያው ይዘጋል። ጐረቤት ጐረቤቱን በሚያውቅበት መንደር ይህ ሥርዐት የራሱ የሆነ ክብደት ነበረው፤ በሐሰት የማለ ሰው ነገ በዚያው መንደር መኖር አለበትና። ሆኖም ግን ከነጋዴው ብዛት የተነሣ ሰው ሰውን በማያውቅበት በለንደን፣ በገንዘብ የሚምል ሰው ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ አልነበረም። ወገንና ዘመድ የሌለው የባሕር ማዶ ነጋዴ በዚህ ሥርዐት ፊት ምን ያህል ባዶ እጁን እንደሚቆም መገመት አያዳግትም።

ይህ በር የተዘጋው በ1602 ነው። ስሌድ የሚባል ሰው ለሸጠው ሰብል 16 ፓውንድ ይከፈለኝ ብሎ ባቀረበው ክስ፣ ከሳሽ «ዕዳ አለብህ» ከማለት ይልቅ «ለመክፈል ቃል ገብተህ ቃልህን በማፍረስህ ጐድተኸኛል» ብሎ መክሰስ እንደሚችል ተወሰነ። ክሱ በዚህ መልክ ሲቀርብ የዐሥራ አንዱ ሰዎች መሐላ ቦታ የለውም፤ ጉዳዩን የሚወስነው ጁሪ፣ ይኸውም የዐሥራ ሁለት ሰዎች ሸንጎ ነው። አሮጌው ሥርዐት ግን በወረቀት ላይ እስከ 1833 ድረስ ሳይሻር ቈይቷል። እንግሊዞች የሕግ ቤታቸውን አፍርሰው ሲሠሩ ብዙ ጊዜ አይታዩም፤ አጠገቡ ሌላ በር ይከፍቱና የቀድሞው እንዲዘጋ ይተዉታል።

ነገር ግን ጁሪውም ራሱን የቻለ እንቅፋት ነበር። በጥንቱ ሥርዐት ጁሪ የሚሰበሰበው ነገሩ ከተፈጸመበት ሰፈር ነው፤ ስለ ጉዳዩ ያውቃሉ ተብለው የሚታመኑት የዚያ ሰፈር ሰዎች ስለሆኑ። ታዲያ ውሉ የተዋዋለው በአንትወርፕ ወይም በቦርዶ ከሆነ ጁሪው ከየት ይጠራ? የእንግሊዝ ንጉሥ ሹም የቦርዶን ሰዎች ጠርቶ ሊያስቀምጥ አይችልም። ከዚህም የተነሣ ለረጅም ጊዜ የባሕር ማዶ ውል ከኮመን ሎው ፍርድ ቤት ዳኝነት ሥልጣን ውጭ ሆኖ ቈየ።

ይህን ክፍት ቦታ የያዘው የአድሚራሊቲ ፍርድ ቤት ነው። ዳኞቹና ጠበቆቹ በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ የሮማን ሕግ የተማሩ ዶክተሮች ነበሩ። ጁሪ አያስፈልጋቸውም፤ የምስክርን ቃል በጽሑፍ ይቀበላሉ፤ በውጭ አገር ያለ ምስክር በዚያው ባለበት እንዲጠየቅ ያደርጋሉ፤ መርከቡንና ጭነቱን ይዘው ያስጠብቃሉ። የፈረንሳይ ወይም የኢጣልያ ነጋዴ እዚያ ሲቀርብ የሚሰማው የሕግ ቋንቋ ለጆሮው እንግዳ አልነበረም።

የዌስትሚንስተር ዳኞች ግን ይህን በዝምታ አላዩትም። በ1389 እና በ1391 የወጡት ሁለት አዋጆች አድሚራሉ በባሕር ላይ ከተፈጸመው በቀር በምድር ላይ በሚደረግ ነገር እጁን እንዳያስገባ ያዝዙ ነበር። ባለዕዳው በአድሚራሊቲ ሲከሰስ ወደ ኪንግስ ቤንች ሮጦ የእግድ ትእዛዝ ያወጣል፤ ክሱም ባለበት ይቆማል። በዚህ ትግል ከሁሉ የጐላው ስም የሰር ኤድዋርድ ኩክ ነው። የክርክሩን ብልጠት ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በአንትወርፕ የተጻፈ ውል የተጻፈው በምድር ላይ እንጂ በባሕር ላይ አይደለም፤ ስለዚህ የአድሚራሉ አይደለም። እንግዲያው የማን ነው? ጁሪ ሊጠራ ስለማይችል የኮመን ሎውም አልነበረም። አመክንዮው እስከ መጨረሻው ቢሄድ ኖሮ ነጋዴው ዳኛ የሌለው ሰው ሆኖ በቀረ ነበር።

መውጫው የተገኘው በፈጠራ ነው። ኩክ በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በቦርዶ የተጻፈ የግዴታ ሰነድ ያለው ከሳሽ፣ ሰነዱ የተጻፈው «በሚድልሴክስ አውራጃ፣ በኢዝሊንግተን፣ ቦርዶ በሚባል ቦታ» ነው ብሎ በክሱ ላይ ይጽፋል። ኢዝሊንግተን በለንደን ዳር ያለች መንደር ናት፤ ቦርዶ የሚባል ሰፈርም አልነበራትም። ተከሳሹ ግን «እንዲህ ያለ ቦታ የለም» ብሎ እንዲከራከር አይፈቀድለትም። የፈጠራው ኃይል ያለው በመጻፉ ሳይሆን በዚህ ክልከላ ነው። በዚህ መንገድ የዓለም ወደቦች ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ለንደን ሰፈሮች ገቡ። ልዩ የሚያደርገው ደግሞ ለባለገንዘብ የተፈጠረው ዘዴ ኋላ ለሌላ ጉዳት መካሻ መሆኑ ነው። በ1774 የሚኖርካ ደሴት ተወላጅ የሆነው ፋብሪጋስ፣ አስሮ ከደሴቲቱ ያባረረውን እንግሊዛዊ አገረ ገዥ ሞስቲንን ከስሶ የተፈረደለት 3,000 ፓውንድ በይግባኝ ሲጸና፣ ሚኖርካ በክሱ ላይ በለንደን ቺፕ ሰፈር እንደምትገኝ ተደርጋ ተጽፋ ነበር።

የዳኝነት ሥልጣኑ ነገር እንዲህ ሲፈታ የማስረጃው ችግር ቀረ። በኮመን ሎው ከሳሽም ሆነ ተከሳሽ በራሱ ጉዳይ መመስከር አይችልም ነበር፤ ይህም እስከ 1851 ዘልቋል። በውጭ አገር ያለ ምስክር እንዲጠየቅ ለማድረግ ነጋዴው ወደ ቻንስሪ ፍርድ ቤት ሌላ አቤቱታ ይዞ መሄድ ነበረበት፤ የዚያ ቤት መዘግየት ደግሞ የታወቀ ነው። ፓርላማው የንግድን ጠባይ ጨርሶ አልዘነጋም። በ1623 የዕዳ ክስ በስድስት ዓመት ይርጋ እንዲታገድ ሲደነግግ፣ በነጋዴና በነጋዴ መካከል ያለውን የንግድ ሂሳብ ከይርጋው ለይቶ አውጥቶታል፤ ከባሕር ማዶ ላለ ከሳሽም ጊዜው እስኪመለስ ድረስ አይቈጠርበትም ብሏል።

ነጋዴዎቹ ራሳቸው ከዚህ ሁሉ ሙግት ሽምግልናን ይመርጡ ነበር። አንትወርፕ የተወለደውና የነጋዴዎችን ልማድ በ1622 በትልቅ መጽሐፍ ሰብስቦ ያሳተመው ጀራርድ ማሊንስ ይህንኑ ያመሰግናል። ችግሩ ግን በ1609 በቪንየር ጉዳይ እንደተወሰነው፣ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት የሽማግሌውን ሥልጣን ሊሽር መቻሉ ነው። ስለዚህ አስቀድመው በመቀጮ ሰነድ ይተሳሰሩ ነበር። በ1698 የወጣውና ፈላስፋው ጆን ሎክ በረቂቁ የተካፈለበት አዋጅ፣ ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ የሽምግልናው ውል በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲጠናከር ፈቀደ፤ ያፈረሰም ፍርድ ቤትን እንደ ደፈረ ተቈጠረ።

የባሕር ማዶ ዕዳ ከሁሉ አብልጦ የሚንቀሳቀሰው በሐዋላ ወረቀት ነበር። የአገራችን የ1960 የንግድ ሕግ ሙሉ ምዕራፎች የሰጠው ይህ ሰነድ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መግቢያ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሲቀርብ እንደ እንግዳ ሰው ይመረመር ነበር። ከሳሹ የነጋዴዎች ልማድ ምን እንደሆነ፣ ተከሳሹም ነጋዴ መሆኑን በክሱ መዘርዘር ነበረበት። ዋና ዳኛ ሆልት በ1702 የሎምባርድ ጐዳና ወርቅ አንጥረኞች ለዌስትሚንስተር ሕግ ሊያወጡ ይሻሉ በማለት የተስፋ ሰነድን እንደ ሐዋላ ወረቀት አልቀበልም አለ። ፓርላማው በ1704 በአዋጅ ሻረበት። በጠቅላላው ዳኛው አዋቂ ነበር፤ በዚህ ነገር ግን ነጋዴዎቹ በልጠውት ነበር ማለት ይቻላል።

ከ1756 እስከ 1788 ኪንግስ ቤንችን የመራው ሎርድ ማንስፊልድ ሌላ ሰው ነው። የለንደን ነጋዴዎችን በልዩ ጁሪነት እየጠራ፣ ልማዳቸውን እየጠየቀ ሕግ አደረገው። በ1765 የቀረበለት የፒላንስና የቫን ሚየሮፕ ጉዳይ ይህን ያሳያል። ዋይት የተባለ የአየርላንድ ነጋዴ በሮተርዳም ካሉት ከፒላንስና ሮዝ ቤት 800 ፓውንድ እንዲከፈልለት ጠየቀ፤ መተማመኛ እንዲሆናቸውም የለንደኖቹን ቫን ሚየሮፕና ሆፕኪንስን ጠራ። የሮተርዳም ሰዎች ገንዘቡን ከፈሉና፣ በዋይት እምነት የሚጽፉትን ሐዋላ ይቀበሉ እንደሆነ ለንደን ጻፉ። ለንደንም እሺ ብሎ በጽሑፍ መለሰ። በመካከሉ ዋይት ከሰረ፤ የለንደኖቹም «ሐዋላ አትጻፉብን» አሉ።

በኮመን ሎው ትምህርት የለንደኖቹ ክርክር ጠንካራ ነበር። ለተስፋቸው በምላሹ ያገኙት ምንም ነገር የለም፤ ገንዘቡም የተከፈለው እነርሱ ቃል ከመግባታቸው በፊት ነው። ጁሪውም በመጀመሪያ ለእነርሱ ወሰነላቸው። ማንስፊልድ ግን በነጋዴዎች መካከል በጽሑፍ የተሰጠ ተስፋ ምላሽ የለውም ተብሎ አይፈርስም፤ የነጋዴዎች ሕግ የአገር ሕግ ነውና ጁሪ እንደ ፍሬ ነገር የሚወስነው ሳይሆን ዳኛ የሚያውቀው ነው አለ። የጁሪው ብያኔ ተሰርዞ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ታዘዘ።

የማንስፊልድ ሐሳብ ረጅም ዕድሜ አላገኘም። በ1778 በራንና ሂውዝ ጉዳይ የሎርዶች ምክር ቤት፣ በማኅተም ያልጸና ተስፋ ተጽፎም ቢሆን ያለ ምላሽ አያስገድድም ሲል ወሰነ። «የነጋዴዎች ሕግ የአገር ሕግ ነው» የሚለው ግን ሳይሻር ቀረ፤ ከዚያም በኋላ የሐዋላ ወረቀት ይዞ ለንደን የደረሰ የሮተርዳም ነጋዴ በክሱ ላይ ልማዱን ከነዝርዝሩ ማስረዳት አላስፈለገውም።