አምስት ገጽ በቀን፦ ለአዲሱ ዓመት የንባብ ዕቅዳችን

(የመንደራችን መረዳጃ እድር ጸሐፊ ጳጉሜን 3 ቀን በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር ነው። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



  የመዋጮውን ሒሳብና የድንኳኑን ጥገና ሊቀ መንበራችን አስረድተዋል። በጽሕፈት ቤቱ በኩል የምናቀርበው ጉዳይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ንባብ ነው። «እድርና ንባብ ደግሞ ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። እስቲ አብረን እንየው።

በመጀመሪያ ጥፋታችንን እንናገር። ባለፈው የካቲት ወር ስለ ውሃ መስመር ማስቀጠል የሚገልጽ ባለ አራት ገጽ ደብዳቤ ለእድራችን ደርሶ ነበር። እኛም የመጀመሪያውን ገጽ አየት አደረግንና እንደተለመደው ዓይነት መስሎን አራቱንም ገጽ በአንድ ሚስማር ደራርበን ሰሌዳው ላይ ሰቀልነው። ሰቀልነውና ረሳነው። ማመልከቻ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን የተጻፈው ግን በአራተኛው ገጽ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ነበር። ወረቀቱ አሥራ ስምንት ቀን እዚያው ተንጠልጥሎ ከረመ። ስንቱ ሰው ፊቱ ቆመ! ገልጦ ያነበበ ግን የለም። ቀኑ ካለፈ በኋላ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ኳሱን ሊያነሣ መጥቶ ገለጥ ገለጥ አደረገና «ይሄ እኮ አልፏል» አለን። በዚህ ምክንያት አሥራ ሰባት ቤተሰቦች ሳያመለክቱ ቀሩ። እነዚያ ቤቶች እስከ ዛሬ ድረስ ቢጫ ጄሪካን ተሸክመው ውሃ ይቀዳሉ።

ማንን እንውቀስ? ደብዳቤውን የጻፈውን ክፍል አንወቅስም፤ ቀኑን ጽፎታል። እኛም ማንበብ አቅቶን አይደለም፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማረ ሰው አራት ገጽ ማንበብ ይችላል። እውነቱን እንናገር ካልን አራቱን ገጽ ፈራናቸው። ማንበብ መቻልና ማንበብ መልመድ ለየቅል መሆናቸውን የተማርነው በዚህ ነው፤ ትምህርቱም በአሥራ ሰባት ቤት ውሃ የተከፈለ ነው።

ያልተለመደ ነገር ደግሞ ይጠፋል። ታላላቆቻችን እንደሚያስታውሱት በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረ። ያን ጊዜ አሶሳ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር ያለች አውራጃ ነበረች። ትምህርቱ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በ1972 ዓ.ም. ማለቂያ ላይም አገራችን በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። ዛሬ የተሰበሰብንበት ጳጉሜን 3 ቀንም ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የማንበብና የመጻፍ ቀን ተብሎ የሚከበር ነው። ሥራው ትልቅ ነበር። ነገር ግን ብዙ ሰው ፊደል ከቆጠረ በኋላ የሚያነበው ነገር በቤቱ አላገኘም።

ከመካከላችን አንዲት እናት አሉ። በዚያ ዘመቻ ወሎ ውስጥ ተምረው የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በሠፈራ ወደ አሶሳ ሲመጡ ያችን ወረቀት በመቀነታቸው ቋጥረው ነው የመጡት። አምና ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ የእድሩን ገንዘብ ልናስረክባቸው ብዕር ብናቀርብላቸው «ልጄ፣ ቀለሙን አምጣልኝ፤ እጄ ረስቶታል» አሉን። አውራ ጣታቸውንም ነክረው ፈረሙ። «ከዚያ ወዲያ ምን አንብቤ ላስታውስ?» ያሉት ነገር ከጆሯችን አልወጣም። ያልተሳለ ማጭድ እንደሚዶለዱም፣ ያልተነበበበት ዓይንም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አምና በዚህ ጊዜ የኮሚቴው አባላት አምስታችንም «በዓመት 12 መጽሐፍ እናነባለን» ብለን ቃል ገብተን ነበር። በነሐሴ ስንተሳሰብ ከአምስታችን ውስጥ ሦስት መጽሐፍ የጨረሰ እንኳ አልተገኘም። አንዳንዶቻችንማ መጽሐፉን የገዛንበትን ቀን እንጂ ያነበብንበትን ቀን አናስታውስም። ያልተሳካበትን ምክንያት ስንመረምር ይህን አገኘን።

አንደኛ፣ ዕቅዳችንን በመጽሐፍ ቁጥር መሥራታችን ነው። መጽሐፍና መጽሐፍ እኩል አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ፣ ኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ ቀጭን ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ሁለቱን «አንድ፣ አንድ» ብሎ መቁጠር ማዳበሪያ ሙሉ እህልንና ቁና ሙሉ እህልን እኩል እንደ መቁጠር ነው። ሰውም ቁጥር ለመሙላት ሲል ወፍራሙን ይሸሻል።

ሁለተኛ፣ ሰዓት አለመመደባችን ነው። «ጊዜ ሳገኝ» ያለ ሰው ጊዜ አያገኝም።

ሦስተኛ፣ ዓይናችን ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርብ ፊደል ብዥ ማለት ይጀምራል። ወረቀቱን ከፊታችን እያራቅን «ሰልችቶኝ ነው» የምንለው ብዙዎች ነን። ስልቸታ አይደለም፤ መነጽር ነው የጎደለን። ስለዚህ ዕቅድ ከማውጣታችሁ በፊት ዓይናችሁን ጤና ተቋም ሄዳችሁ ታዩ።

ስለዚህ ዘንድሮ የምናቀርበው ሐሳብ በቀን አምስት ገጽ የሚል ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በወር 150 ገጽ፣ በአሥራ ሁለት ወር 1800 ገጽ ይሆናል። ጳጉሜን አልቆጠርናትም፤ እሷ ለጎደለው ማካካሻ ትሁን። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ታላላቆቻችን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ሰምተውታል፤ በዓይናችን ያነበብነው ግን ስንቶቻችን ነን? መስከረም 1 ቀን በአምስት ገጽ የጀመረ ሰው ወደ ገና ግድም ይጨርሰዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ይኸው ነው።

ሆኖም ሁላችንም አንድ ዓይነት ስላልሆንን አንድ ዓይነት ዕቅድ አይበጀንም። እያንዳንዱ አባል ከሚከተሉት ውስጥ የሚስማማውን ይምረጥ፦

1ኛ. ማንበብ የለመደ በቀን አምስት ገጽ ያንብብ።

2ኛ. ማንበብ እየተረሳው ያለ በቀን አሥር መስመር ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። የልጁ የሦስተኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ ይበቃዋል፤ አያሳፍርም።

3ኛ. ፊደል ያልቆጠረ በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ልጁ ወይም ጎረቤቱ ያንብብለት። የሚያነበው ልጅም ዕቅዱን እንደፈጸመ ይቆጠርለታል።

4ኛ. ቋንቋው የፈለገው ይሁን። ከአባቶቻችን ውስጥ በቁርአን ቤት ተምረው ዐረብኛ ደህና አድርገው የሚያነቡ አሉ፤ ይህም ንባብ ነው። በዚያ ዘመቻ ከተሰጡት 15 ቋንቋዎች መካከል የበርታ፣ የጉሙዝና የሺናሻ ቋንቋዎች አልነበሩም። ዛሬ ግን በክልላችን ልጆች በአንደኛ ደረጃ በነዚህ ቋንቋዎች ይማራሉ። ልጁ በርትኛ የሚማር ወላጅ መጽሐፉን ይዞ አብሮት ይቀመጥ፤ ልጁ ፊደሉን ያሳየው፣ እሱ ደግሞ የቃሉን ትርጉም ያስረዳው። በስልክ የሚነበብም ይቆጠራል፤ ግን ከራስ እስከ ጅራቱ የሚነበብ ጽሑፍ ከሆነ ነው። ወሬ በጣት ማንከባለል አይቆጠርም።

ሰዓቱን በሚመለከት፣ ከለመድነው ነገር ጋር እናያይዘው። ቡና በየቤታችን ይፈላል። ከቶና እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ አምስት ገጽ ይነበባል፤ እኛ ሞክረነዋል። ማታ ላይ ግን መብራት አይታመንምና ባይሆን በቀን ይሁን። አንድ ቀን ያመለጠው ሰው በማግስቱ አሥር ገጽ ላንብብ አይበል፤ ዕዳ ሲከመር ነው ሰው የሚሸሸው። አምስቱን ይቀጥል። እድር ቅጣት እንደሚወድ ይታወቃል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ቅጣትም መቅረት መዝገብም የለም። ዕቅዱ የየራሳችን ነው።

መጽሐፍ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ በመሰብሰቢያችን ጥግ ከቀርከሃ የተሠራ መደርደሪያ እናቆማለን። እቤቱ አንብቦ ያስቀመጠው መጽሐፍ ያለው ያምጣ። የአሶሳን ምስጥ ታውቁታላችሁ፤ ለሰውም ለመጽሐፍም አይመለስም። ስለዚህ የመደርደሪያውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ እናቆማቸዋለን፤ ከግድግዳውም እናርቀዋለን። እናንተም በቤታችሁ መጽሐፍ መሬት ላይ አታኑሩ። ውሰት ለ30 ቀን ነው፤ በደብተር ይመዘገባል።

በጽሕፈት ቤቱ በኩል እኛም ቃል እንገባለን። ከእንግዲህ ለእድሩ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ከመለጠፉ በፊት ሁለት የኮሚቴ አባላት ባሉበት ድምፅ ከፍ ተደርጎ እስከ መጨረሻው መስመር ይነበባል። ቀነ ገደብ ካለው ቀኑ በቀይ ብዕር ከላይ ይጻፋል። ገጾቹ ጎን ለጎን ይለጠፋሉ እንጂ በአንድ ሚስማር አይደራረቡም። የውሃው ምዝገባ እንደገና ሲከፈት አሥራ ሰባቱን ቤቶች በየደጃቸው ሄደን እንነግራለን። እናንተም በበኩላችሁ ሰሌዳው ፊት ስትቆሙ ርእሱን አይታችሁ አትለፉ፤ ወደ መጨረሻው መስመር ውረዱ።

ለመፈጸም ያህል፣ የነገርናችሁ እናት ከሰኔ ወር ጀምሮ ከልጅ ልጃቸው ጋር በቀን አሥር መስመር እያነበቡ ነው። ዛሬ ጠዋት በስም መመዝገቢያው ላይ ቀለሙን አልጠየቁም፤ ብዕሩን ነው የተቀበሉት። ስማቸውን እስኪጽፉ ድረስ ሰልፉ ቆየት አለ፤ ከኋላ የተሰለፋችሁ ለምን እንደቆመ ያላወቃችሁ ካላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነበር።

ዕቅዱን የምትመርጡ አባላት ከመስከረም የመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ በጽሕፈት ቤቱ ቀርባችሁ ማስመዝገብ ትችላላችሁ። ስማችሁን ራሳችሁ ጻፉ።

መልካም አዲስ ዓመት!

ከእድሩ ጽሕፈት ቤት፣ አሶሳ