ቀድመውን ለመጡት



የአሜሪካ ፈር ቀዳጅ ሲባል ከኖርዌይ መጥቶ ሜዳውን ያረሰ ገበሬ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው ሕግ አምስት ዓመት ኖሮ ላለማ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በሱዳን በኩል ተሰደው፣ በ1980ው የስደተኞች ሕግ ለገቡት ወገኖቻችን ግን መሬት የሰጣቸው የለም። እርሻቸው የመኪና ማቆሚያና ታክሲ ሆነ።

እኛ ዩኒቨርሲቲ አቋርጠን ዘግይተን ስንደርስ ሳሎናቸው ወለል ላይ አስተኙን። የዋሽንግተን ታክሲ እስከ 2008 በሜትር ሳይሆን በዞን ያስከፍል ስለነበር፣ እራት ላይ ካርታውን ያስጠኑን እነርሱ ናቸው። (እንጀራው ካርታው ላይ ያልፈሰሰበት ቀን የለም።)

ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ጡረታ ላይ ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው አማርኛ አይሰሙም፤ ታሪካቸውን የሚጠይቅ የለም። ድምፅ መቅጃ ይዘን ቤታቸው እንሂድ። አምና ሁለቱን ሳንጠይቃቸው ቀብረናል።