ከጉርድ ፎቶ ሌላ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን የመንገድ ላይ ፎቶግራፍ ነው። ስሙ የትልቅ ከተማ ሰዎች ነገር ይመስላል። ትርጉሙ ግን ቀላል ነው፤ ልብስ ተለውጦ፣ ተደርድሮ የሚነሱት ሳይሆን ሰው በውሎው ላይ እንዳለ የሚነሳ ፎቶ ማለት ነው። ጉሊት የተቀመጠች፣ ጀሪካን አዝላ ዳገቱን የምትወጣ፣ መናኸሪያ ላይ ሊማሊሞን ወርዶ ለመጣ መንገደኛ ቆሎ የምትሸጥ ሴት።

እኛ ሒሳብ የምንይዘው የአባላትን መዝገብ ስናገላብጥ የምናየው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ሁሉም ፊት ለፊት ያያል፣ ማንም አይስቅም። በየቤታችን ግድግዳ ደግሞ ሠርግ፣ ክርስትና፣ የልጅ ምርቃት ተሰቅሏል። በመካከል ያለው፣ የጋገርንበት፣ የጠመቅንበት፣ የነገድንበት ሠላሳና አርባ ዓመት አንድም ፎቶ የለውም።

ያለውም ቢሆን አልተረፈልንም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሲደርስ ልጅ አዝለን ወደ ደባርቅ ስንወጣ አልበም ለመያዝ ያሰበ ጥቂት ነው። ዛሬ የእናቷ መልክ ያለበት አንድ ወረቀት የሌላት አባል በመካከላችን አለች። እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚባል መጽሐፍ ከየቤተሰቡ በተሰበሰቡ የድሮ ፎቶዎች ተዘጋጅቶ ወጥቷል። እኛ እንዲህ ያለ ነገር እናድርግ ብንል ከየቤቱ የምንሰበስበው ትንሽ ነው። ስለዚህ ከአሁን መጀመር አለብን።

ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ግርማ በርታ የሚባል የአዲስ አበባ ወጣት ሙያውን በራሱ ተምሮ፣ መንገድ ላይ ያያቸውን ሰዎች በስልኩ ያነሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን 10,000 ዶላር ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። ሰውየውን ከመንገዱ ግርግር ለይቶ፣ ከነጥላው በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ብቻውን ያቆመዋል። በየቀኑ ሳናየው የምናልፈው ሰው ያን ጊዜ ይታያል። ለእኛ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጀርባው መቅረቱ ይቆጨናል። የአዲ አርቃይ ሰው ከኋላው ካለው ተራራ ጋር ቢሆን ይሻላል።

ማን ያንሳ የሚለውም ትልቅ ነገር ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን ከኮረም ያወጣው ፊልም ዓለምን ለእርዳታ አስነስቷል፣ ነፍስ አድኗል። ግን ያ የረሃብ ምስል ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ኢትዮጵያ ብቻውን ሲናገር ኖረ። አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. «አዲስ ፎቶ ፌስት»ን ሲያቋቁሙ ከሚሞግቱት ነገር አንዱ ይኸው ነበር፤ አፍሪካዊው ራሱን በራሱ ዓይን ያሳይ ነው የሚሉት።

ባለፈው ስብሰባ ግን አንዳንዶቻችሁ «በሥራ ልብሴ ማን ያንሳኝ? ፎቶዬ በሰው ስልክ ሲዞር ልይ?» ብላችኋል። ልክ ናችሁ። አንዲት እህታችን ጓሮዋ ውስጥ አሻሮ ስታምስ ሳታውቅ ተነስታ፣ ምስሏ ቀልድ ተጽፎበት ከስልክ ወደ ስልክ ዞሯል። ለብዙ ሳምንት ገበያ አልወጣችም። የሽያጭዋን መቀነስ ከቁጠባዋ ላይ አይተነዋል።

ሕጉን እንወቀው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል፤ የታወቀ ሰው ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍርድና ለፖሊስ ሥራ ሲፈለግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ሲጠቅም፣ ሕዝብን የሚመለከት ወይም በአደባባይ የተደረገ ነገር ሲሆን። ጥምቀት ላይ የተነሳ ሕዝብ ሌላ ነው፣ ጓሮዋ ያለች ሴት ሌላ ናት። ገበያ ላይ ያለችው ታከራክር ይሆናል፤ እኛ ግን ሕጉ ባያስገድድም እንጠይቃት እንላለን።

«ላንሳሽ?» ስትባል ደግሞ ማንኛችንም ነጠላችንን አስተካክለን ቀጥ ብለን እንቆማለን። ያን ጊዜ ፎቶው ተመልሶ ጉርድ ፎቶ ይሆናል። መላው ቀድሞ ጠይቆ መቆየት ነው። ፈቃዷን ጠዋት ጠይቃችሁ፣ አጠገቧ ተቀምጣችሁ አውጉ፤ ደንበኛ ሲመጣ እናንተን ትረሳለች። ቀትር ላይ አታንሱ፣ ፀሐዩ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። ረፋድ ሳይሞቅ ወይም ወደ ማታ ይሻላል። ካነሳችሁ በኋላ አሳዩዋት፤ አጥፊው ካለች እዚያው ፊቷ ይጥፋ።

ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል። ስለዚህ የተመረጠው ሁሉ በፎቶ ቤት በሁለት ቅጂ ይታጠብ። አንዱ ለባለቤቷ፣ አንዱ በማኅበሩ ፋይል። ከጀርባው ስሟ፣ ቀኑ፣ ቦታውና የምትሠራው ሥራ በእርሳስ ይጻፍ። ፋይሉ ከቢሮ አይወጣም፣ ወደ ማንም ስልክ አይላክም። ወጪው የቁጠባውን ገንዘብ አይነካም፤ መዋጮ ካዘገዩ አባላት ከተሰበሰበው ቅጣት ይሸፈናል። (ለዚህ ሥራ ሲባል ግን አታዘግዩ።)

ከቡናው በፊት በእጅ ማውጣት እንወስናለን። መነሳት የማትፈልግ አባል ለሒሳብ ክፍሉ ትንገረን፤ ስሟን እንይዛለን፣ ምክንያቷን አንጠይቅም።