ፍጥነት ከዳታቤዙ ብቻ አይመጣም

አቅራቢ 1፦ ዲስኮርድ የተባለው የመልእክት መለዋወጫ በ2022 በትሪሊዮን የሚቆጠሩ መልእክቶቹን ካሳንድራ ከተባለው ዳታቤዝ ሲላዲቢ ወደተባለው ዳታቤዝ አዛወረ። 177 የነበሩት ሰርቨሮች ወደ 72 ወረዱ፤ የቆዩ መልእክቶችን ለማንበብ ከመቶው ጥያቄ ለ99ኙ እስከ 125 ሚሊሰከንድ ይደርስ የነበረው ጊዜ ወደ 15 ዝቅ አለ። በጃቫ የተጻፈው ካሳንድራ ሚሞሪውን ሲያጸዳ ቆም ይላል፤ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈው ሲላዲቢ ግን ይህ ችግር የለበትም። ታዲያ ፈጣኑን መምረጥ አይበቃም?

አቅራቢ 2፦ ምስጋናውን ሁሉ ለዳታቤዙ መስጠት ያሳስታል። ትልቁ ፈተና ብዙ ሰው የሚጎርፍበት ቻናል ነበር፤ ጫናው ሁሉ መረጃው በተቀመጠባቸው ጥቂት ሰርቨሮች ላይ ያርፋል። መሐንዲሶቹ ረስት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፉትን አገልግሎት ከዳታቤዙ ፊት አቆሙ። ብዙዎች አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ሲጠይቁ ዳታቤዙ አንዴ ብቻ ይነበባል፤ መልሱ ለሁሉም ይዳረሳል።

አቅራቢ 1፦ እንዲያ ከሆነ፣ አገልግሎቱን ጨምሮ በካሳንድራ መቀጠል ይቻል ነበር የሚል ይኖራል።

አቅራቢ 2፦ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን አገልግሎቱ ካሳንድራ ፊት ቆሞም ችግሩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ አገልግሎቱም ፈጣኑ ዳታቤዝም ያስፈልጋሉ። ዳታቤዝ የምትመርጡ ባለሙያዎች፣ ከፍጥነት ንጽጽሩ በፊት ተጠቃሚዎቻችሁ መረጃውን እንዴት እንደሚጠይቁ አጥኑ። የተሳሳተ አወቃቀርን ፈጣን ዳታቤዝ አያርመውም።